አያቴ ትከሻ ላይ ያለው ክብ

እናቴ «አባቴ ኮሪያ ዘማች ነው» ስትል ኖራለች። አጎቴ ደግሞ «የለም፣ ኮንጎ ነው የሄደው» ይላል። አያቴ ያረፈው እኔ ሳልወለድ ስለሆነ ማስረጃችን ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነበር። እናቴ «ሊዘምት ሲል የተነሳው ነው» ትለናለች።

ያን ፎቶ ስንት ጊዜ ትክ ብዬ አይቼዋለሁ! ደረቱም ትከሻውም ልሙጥ ነው። ባለፈው ክረምት መስታወቱ ተሰንጥቆ ፍሬሙን ስፈታው፣ ከጀርባው መዳፍ የማታክል ዋናዋ ፎቶ ተሸጉጣ አገኘኋት። ለካ ግድግዳው ላይ የኖረው አጎቴ ፎቶ ቤት ወስዶ ያስጎላው ቅጂ ነው። አሳምራለሁ ባይ በብሩሽ ሲነካካው ምልክቶቹን ጠራርጎ አጥፍቷቸዋል። አንጀቴ አረረ። እባካችሁ፣ እናንተም ቤት ትልቅ ፎቶ ካለ ትንሿን ፈልጉ፤ ስታገኟት ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጓት።

አጉሊ መነጽር ይዤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት የኮቱን ቁልፎች ነው። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ተገልብጦ ከታየ ፎቶው በተቃራኒ ታትሟል ማለት ነው። የእኛው ልክ ነው።

ትከሻው ላይ ጥቁር ክብ አለ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀይና ጥቁር ስለሚመሳሰሉ ውስጡ ያለው ቶሎ አይለይም። ፎቶዋን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሳደርጋት ግን ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ብቅ አሉ። አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ የተጋጠሙ ሁለት 7 ቁጥሮች ናቸው፤ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ዘምቶ የተዋጋው በዚሁ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነው፤ ልብሱም መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንጎ የሄዱት ወታደሮቻችን ግን የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ መለያ ነው ያደረጉት። አያቴ ኋላ ኮንጎም ሄዶ ይሆናል፤ ይህች ፎቶ ግን የኮሪያ ናት።

ግራ ደረቱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን መስመር ያለው ሪባን አለ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሪባን 9 ሰማያዊና 8 ነጭ መስመሮች አሉት፤ እኔ 11 ቆጥሬ ቀሪዎቹ ተደበላለቁብኝ። ይህ ሪባን ደግሞ ሳይዘምቱ አይገኝም። ስለዚህ አያቴ ሊሄድ ሲል የተነሳው አይደለም። ከ120 በላይ ጓዶቹ የወደቁበትን፣ ከ500 በላይ የቆሰሉበትን ጦርነት አይቶ ነው ካሜራው ፊት የቆመው።

ይህን ስነግራት እናቴ መነጽሩን ከእጄ ተቀብላ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ግድግዳው ላይ ያለው ቅጂ ጉንጩን ሞልቶታል።

«ከስቶ ነበር እኮ» አለች።