የተቀባ የዘር እህል ታጥቦም አይበላም

እዚህ ኡጋንዳ፣ ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር፣ አንዲት ጎረቤቴ ቀይ ቀለም የተቀባ በቆሎ በባልዲ ሲያጥቡ ደረስኩ። ለመዝሪያ የተሰጣቸው ነው። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ራሽናቸውም አልቋል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የዘር ነው» ስላቸው «አውቃለሁ ልጄ፤ ቀለሙ ለቋል፣ በደንብ ከተቀቀለ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

ብዙዎቻችን እንደሳቸው ስለምናስብ ነው ይህን የምጽፈው። ዘር አፈር ውስጥ እንዳይሻግትና ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ይቀባል። ቀለሙ የሚጨመረው «ይህ ምግብ አይደለም» ለማለት ነው። ስናጥበው ቀለሙ ይሄዳል፣ መርዙ ግን ሊቀር ይችላል።

ኢራቅ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ70 ሺህ ቶን በላይ የዘር ስንዴ ከውጭ ገባ። የተቀባው ሜርኩሪ ያለበት ፀረ ፈንገስ ነበር። ለብዙ ገበሬዎች የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በጆንያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያም በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። አንዳንዶች ቀለሙን አጠቡት። ለዶሮ ሰጥተው የሞከሩም ነበሩ፤ ዶሮዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ተፈጭቶ ዳቦ ሆነ።

ሜርኩሪ ግን በእሳት አይጠፋም፣ ጉዳቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። እጅና እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይዛባል፣ ንግግር ይተሳሰራል፣ ዓይን ይጠፋል። ነፍሰ ጡሮች ከበሉት በማህፀን ያለው ልጅም ይጎዳል። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ ከእነሱም 459 ሞቱ።

ዛሬ ዘር የሚቀባው በአብዛኛው ሜርኩሪ በሌለው መድኃኒት ነው። ያም ቢሆን ለመብል አይሆንም። ስለዚህ፦

• የተቀባ ዘር አትብሉ፣ ለዶሮም አትስጡ።
• ጆንያውን ለዱቄት አትጠቀሙበት።
• የተረፈውን ከምግብ ለይታችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡ። በቤታችሁ ቋንቋም «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።
• ከዘራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
• የበላ ሰው ካለ፣ ሕመም እስኪሰማው ሳትጠብቁ ጆንያውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እትዬ በቆሎውን አልቀቀሉትም። እኛም ጎረቤቶቻቸው አንዳንድ ጣሳ ዱቄት አዋጣንላቸው። የተራበን ሰው «አትብላ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም።