ያውቁ ኖሯል? የገደል አፋፉ ጎዳና
በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ሲልቨርተንና ዩሬይ የተባሉትን የድሮ የማዕድን ከተሞች የሚያገናኘው «የሚሊዮን ዶላር አውራ ጎዳና» ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታው ግን በሬድ ማውንቴን መተላለፊያ 3,358 ሜትር ይደርሳል። በብዙ ቦታ ገደሉ ዳር መከላከያ ብረት የለም። ቸልተኝነት እንዳይመስልዎ፤ በበረዶ ወራት ጠራጊ መኪኖች ክምሩን ገፍተው ቁልቁል የሚለቁት በዚያው ክፍት ዳር በኩል ነው። ከዩሬይ የተነሳ አሽከርካሪ ገደሉን በቀኙ ይዞ ይነዳል፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ከሲልቨርተን ቢጀምር ይሻለዋል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያስጠረገው ኦቶ ሚርስ ብልጥ ነጋዴ ነበር፤ የመንገድ ክፍያ የሚሰበስብበትን ኬላ የተከለው ቤር ክሪክ ፏፏቴ ላይ፣ ማንም ዞሮ ሊያመልጥ በማይችልበት ጠባብ ቦታ ነው። ለሬድ ማውንቴን («ቀይ ተራራ») ስሙን የሰጠው የተራሮቹ ቅላት የብረት ዝገት ነው። ከሥራቸው አይረንተን በተባለው ቦታ የማዕድን ሠራተኞች ጥለዋቸው የሄዱ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ይታያሉ።