የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ነበረ። የማታው ዜና መሐል ላይ ድምፁ እየሰለለ ሲሄድ አባቴ ሬዲዮኑን ይዘጋና ድንጋዮቹን አውጥቶ ያሳድራቸዋል። ሲነጋ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ ላይ ይደረድራቸዋል። ማታ ሬዲዮው መልሶ ይናገራል፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት፣ ግን ይናገራል። ፀሐይዋ ኃይል የሞላችባቸው ይመስለኝ ነበር።

አልሞላችም። የሆነው እንዲገባን ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። እኛ ልጆቹ ጨርሶ ያለቀውን በቢላ እንከፍተው ነበር። የላዩ ሽፋን ሲላጥ ግራጫ የዚንክ ጣሳ ይወጣል፤ ጣሳው ውስጥ እርጥበት ያለው ጥቁር ዱቄት፣ ዱቄቱ መሐል ደግሞ የጣት ያህል የካርቦን ዘንግ አለ። በዘንጉ ግድግዳ ላይ እንጽፋለን፤ ዱቄቱን ትምህርት ቤት ወስደን በውሃ በጥብጠን ሰሌዳ እናጠቁርበታለን። የዚያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ጣሳውን ነው። አዲስ ድንጋይ ላይ ለስላሳ የሆነው ዚንክ፣ ያለቀው ላይ ብል እንደ በላው ጋቢ ተበሳስቶ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ቀዳዳ ላይ ነው። ድንጋይ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ እንስራ ውሃ ተሞልቶ አይቀመጥም። የተቀመጠው ዚንክ ነው። ዚንኩ እየሟሟ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ ኤሌክትሮኑ በሽቦው ወጥቶ፣ ሬዲዮውን አናግሮ፣ በካርቦኑ ዘንግ በኩል ተመልሶ ይገባል። እዚያ የሚቀበለው ጥቁሩ ዱቄት፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጨዋማ እርጥበት ደግሞ ከውስጥ መንገዱን ያገናኘዋል፤ ያለ እሱ ምንም አይሄድም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ይህን የሠራው ፈሳሽ በተሞላ ብርጭቆ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን ወደ ሊጥነት ለውጦ በዚንክ ጣሳ ውስጥ ዘጋው፤ ድንጋይ በኪስ መያዝ የተቻለው ያኔ ነው። ትልቁም ትንሹም ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው። ትልቁ የሚቆየው የሚበላው ዚንክና ዱቄት ስለሚበዛለት ብቻ ነው።

ታዲያ ፀሐይዋ ምን ሠራች? ድንጋይ ሲሠራ ዝቃጭ የመሰለ ነገር በዘንጉ ዙሪያ ይከማችና መተላለፊያውን ያጠብባል። ቮልቱ ይወርዳል፤ ዚንክ ገና እያለ ሬዲዮው ያንቃል። ድንጋዩ አርፎ ሲያድር የተከማቸው ይበተናል፤ ሲሞቅ ደግሞ በእርጥበቱ ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ይፈጥናል። አባቴ ያገኛት ግማሽ ሰዓት ከዚያው ከቀረው ዚንክ የወጣች ናት። ያወቀው በልምድ ነው፣ ልምዱም ትክክል ነበር።

ይኸው ሙቀት ግን አዲስ ድንጋይን ይጎዳል። ድንጋይ ሳይሠራም ዚንኩ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ይበላል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ጣሳው ሲበሳ ሊጡ ይፈስና የሪሞቱን ሞላ ያዝገዋል። ለወራት የማትጠቀሙበት ዕቃ ውስጥ ድንጋይ አትተዉ።

ይህን ድንጋይ ቻርጅ ለማድረግ መሞከር አደገኛ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ሲገፋበት ዚንኩ ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም፤ እንደ እሾህ ያቆጠቁጣል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ለገበያ ያቀረበው፣ ዛሬ በስልካችን ያለው የሊቲየም ባትሪ የተለየው በዚህ ነው። በአንደኛው ወገኑ ያለው ግራፋይት እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብር አለው። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ በንብርብሩ መሐል ይገባል፤ ስንጠቀም ወጥቶ ወደ ማዶው ይሄዳል። ቤቱ ስለማይፈርስ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ሆኖም በየዙሩ ጥቂት ሊቲየም ግራፋይቱ ላይ በሚፈጠር ስስ ቅርፊት ተይዞ ይቀራል፤ ቅርፊቱን ከሁሉ በላይ የሚያወፍረው ሙቀት ነው፣ በተለይ ባትሪው ሞልቶ ሳለ።

ስለዚህ የአባቴ ዘዴ ለስልክ አይሠራም። ገጠር ስሄድ በየጣሪያው ትንንሽ የሶላር ፓኔል አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስልኩም እዚያው ፓኔሉ ጎን ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይሞላል። ገመዱ ረዘም ይበል፦ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ።