መጠባበቂያው ያላዳናት ሮኬት

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው አዲሷ የአውሮፓ ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና ለመጀመሪያ ጊዜ ተወነጨፈች። 40 ሰከንድ ያህል እንደበረረች በድንገት አቅጣጫዋን ስታ ተሰባበረች፤ የጫነቻቸው አራት ሳተላይቶችም አብረዋት ወደሙ። የአደጋው መነሻ የሞተር ብልሽት ወይም የብረት ስንጥቅ አልነበረም፤ ሶፍትዌር ነበር።

የሮኬቷን አቅጣጫና ፍጥነት የሚከታተለው ኮምፒውተር፣ ከአግድም ፍጥነቷ ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር ከ64 ቢት ወደ 16 ቢት ማሳጠር ነበረበት። በዚህ ስሌት 16 ቢት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ቁጥሩ ከዚያ በለጠ፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን አቆመ። የሚተካው መጠባበቂያ ኮምፒውተር ነበር፤ ግን እሱም ያንኑ ፕሮግራም ስለሚያሄድ፣ በዚያው ስሌት ተሰናክሎ ከዋናው በ50 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ ቆሟል።

ሶፍትዌር ከነባሮቹ የምህንድስና ዘርፎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የድልድይ መሐንዲስ ጭነቱን አስልቶ በላዩ መተማመኛ ይጨምራል። ብረት ይዝጋል፣ ይደክማል፤ ሲከብደው ግን ብዙውን ጊዜ ጎብጦ ያስጠነቅቃል። አንዱ ቡሎን ቢበጠስ ጎረቤቱ ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የመበጠስ ዕድላቸው ጠባብ ነውና። ፕሮግራም አይዝግም፣ አያረጅም። ስህተቱ ከንድፉ ጋር የተወለደ ስለሆነ ቅጂው ሲበዛ ስህተቱም ይባዛል። ማስጠንቀቂያም የለውም፤ በ32,767 ደህና የነበረው በ32,768 ያበቃለታል።

ባለሙያዎቹ ግዴለሾች አልነበሩም። ኮዱ የተወሰደው በሚገባ ካገለገለችው ከአሪያን 4 ነው። ከልክ ሊያልፉ የሚችሉ ሰባት ቁጥሮችን ለይተው፣ ኮምፒውተሩን ላለማጨናነቅ አራቱን ብቻ በመከላከያ ኮድ አጠሩ። ሦስቱ ከጣሪያቸው አያልፉም ተብሎ ተተዉ። ግምቱ ለአሪያን 4 ልክ ነበር፤ አሪያን 5 ግን ገና ከጅምሩ በአግድም የምትፈጥነው እጅግ በበለጠ ነበር። የሚያስቆጨው፣ ስሌቱ ሮኬቷ ከተነሳች በኋላ ለምንም የማያገለግላት መሆኑ ነው።

በሂሳብ ሊቁ ዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቦርድ፣ ሶፍትዌር ትክክለኛነቱ በአግባቡ እስኪረጋገጥ ድረስ ስህተት እንዳለበት ሊታሰብ ይገባል ሲል ደመደመ። በቆየ መሠረት ላይ ፎቅ የሚጨምር መሐንዲስ ጭነቱን እንደገና ማስላት ግዴታው ነው። የቆየ ኮድ ለአዲስ ሥራ የሚያውል ባለሙያም ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም።