48 ሰዓት

በእንግሊዝ የታክሲና የሚኒካብ ሹፌሮችን የፈቃድ ጉዳይ እከታተላለሁ። ቅጽ እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፈቃድ ሰጪው ካውንስል ሲጠራቸውም አብሬ ቀርቤ አስተረጉማለሁ። አብዛኞቹ ባለጉዳዮቼ የአገሬ ልጆች ናቸው። ፈቃዳቸው ታግዶ ወይም ተሰርዞ ከሚመጡት መካከል የብዙዎቹ ጥፋት ለብቻው ቢታይ ከሥራ የሚያስወጣ አልነበረም። እንጀራቸውን ያሳጣቸው በጊዜው ሳይናገሩ መቅረታቸው ነው።

ጋሼ የምላቸው አንድ ሹፌር ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተው ካሜራ ያዛቸው። ቅጣቱ 100 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚያዝ 3 ነጥብ ነው። ከፈሉ፣ ጉዳዩም ያለቀ መሰላቸው። የሚኒካብ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ሲሄዱ ነጥቡ መዝገብ ላይ ወጣና «ለምን አላሳወቁንም?» የሚል ደብዳቤ መጣ። «ልጄ፣ እነሱ እኮ ኮምፒውተር ላይ ያዩታል፤ እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ካውንስሉ ያየዋል። ግን የሚጠብቀው ከሹፌሩ አፍ መስማትን ነው።

የእንግሊዝ የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ያወጣው መመሪያ ሹፌሩ ተይዞ ከተለቀቀ፣ ከተከሰሰ ወይም ከተፈረደበት በ48 ሰዓት ውስጥ ለካውንስሉ እንዲያሳውቅ ይላል። የጾታ ወንጀል፣ ማጭበርበርና ድብደባ ይቆጠራሉ፤ ማንኛውም የትራፊክ ጥፋትም እንዲሁ። ብዙ ካውንስሎች ይህንን የፈቃዱ ግዴታ አድርገውታል።

የእኛን ሰው የሚጥለው «ተይዞ ከተለቀቀ» የሚለው ነው። ማታ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ ሰውየው ጣቢያ ያድርና ጠዋት ያለ ክስ ይለቀቃል። በእሱ ዘንድ ምንም አልተፈጠረም፤ የቤት ገመና ነው፣ ለባዕድ አይነገርም። ፖሊስ ግን ሕዝብን ለአደጋ ያጋልጣል ብሎ ካሰበ ፈቃድ ሰጪውን ካውንስል በቀጥታ ሊያሳውቅ ይችላል። እንዲህ ያጋጠመው አንድ ወጣት ቤቱ ቁጭ ብሎ ነገሩ እስኪረሳ ሲጠብቅ የእገዳ ደብዳቤ ደረሰው። በልማዱ ይግባኝ የሚባለው በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኙ እስኪታይም ሹፌሩ መንዳት ይችላል። ካውንስሉ «ለሕዝብ ደኅንነት» ብሎ ካገደ ግን እገዳው ደብዳቤው በደረሰበት ሰዓት ይጸናል፤ ይግባኙን የሚጠብቀው መኪናውን አቁሞ ነው። የመኪናው ኪራይ ግን አይቆምም።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ከየት መጣ ለሚለኝ ሹፌር ሮዘራምን እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሌክሲስ ጄይ ሪፖርት በዚያች ከተማ ከ1997 እስከ 2013 ቢያንስ 1,400 ሕፃናት ለጾታ ብዝበዛ እንደተዳረጉ ገመተ። በማግሥቱ ዓመት የሉዊዝ ኬሲ ምርመራ የካውንስሉን የታክሲ ፈቃድ አሰጣጥ ክፉኛ ተቸ። ይህን ያልሰማ ሹፌር የሚጠየቀውን ሁሉ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። «እህቴ፣ እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?» ያለኝ አለ። አይደለም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ሕግ ካውንስሉ አመልካቹ ብቁና ተገቢ ሰው መሆኑን ካላመነ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። ማሳመን ያለበትም አመልካቹ ነው። መመሪያው ለወሳኙ የሚያቀርበው ጥያቄ ከቤተሰብ ሰው የሚወጣ ዓይነት ነው፦ የምትሳሳለትን ሰው ብቻውን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ይህ ሰው በሚነዳው መኪና ትልከዋለህ ወይ? መልሱ እኩል በእኩል ከሆነ ፈቃዱ ይቀራል። ፍርድ ቤት ተከሳሹን የሚጠቅመው ጥርጣሬ እዚህ ተሳፋሪውን ይጠቅማል። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሚኒካብም ትሳፈራለች፤ መመዘኛው ልክ ነው እላለሁ።

ጋሼ የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ ፊት ሲቀርቡ ስለ መንገዱ ምልክት ማስረዳት ጀመሩ፦ ዛፍ ሸፍኖት ነበር፣ ፍጥነቱ በቅርቡ ነበር የተቀነሰው። ሰውየው ምንም አልጻፈም። «አንዴ ላነጋግራቸው» ብዬ አስፈቅጄ ጥያቄው ስለ ካሜራው እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ «ማሳወቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ ደንቡን ስፈርም አላነበብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ያኔ መጻፍ ጀመረ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተለቀቁ።

እንዲህ በቅንነት የማይፈታም አለ። ዲቢኤስ የሚባለው የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ የውጭ አገርን መዝገብ አያይም፤ ስለዚህ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ በሌላ አገር የኖረ አመልካች ከዚያ አገር የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይጠየቃል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግን የሸሸውን መንግሥት ኤምባሲ ደጅ እንዴት ይጠና? በሱዳንና በሊቢያ በኩል የመጣውስ ከማን ይጠይቅ? አንዱ ካውንስል የስደተኝነት ወረቀቱን አይቶ ቃለ መሐላ ይቀበለዋል፤ ሌላው ያንኑ ሰው «ማስረጃ አጓድለሃል» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ያው፣ ታሪኩም ያው ነው፤ የሚለያየው የሚኖርበት ከተማ ነው። ለዚህ አንድ ወጥ ደንብ ያስፈልጋል፣ ለአገሩ ሁሉ የሚሠራ።

ፈቃድ አግኝተው ለሚሠሩት የምለው አጭር ነው። ፖሊስ ከያዛችሁ ወይም የቅጣት ወረቀት ከመጣ በዚያው ቀን ለፈቃድ ክፍሉ ኢሜይል ላኩ። ቀኑ፣ ምን እንደሆነ፣ የባጅ ቁጥራችሁ፣ በቃ። ጠበቃ ካላችሁ ደውሉለት፣ ግን 48ቱ ሰዓት እንዳያልፍ። የላካችሁትን አታጥፉት፤ ከዓመት በኋላ የሚያድናችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ከተነጠቃችሁም መነጠቁን ሳታነሱ ሌላ ከተማ እሞክራለሁ አትበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ በደኅንነት ምክንያት ፈቃድ የነሣ ወይም የከለከለ የእንግሊዝ ካውንስል ሁሉ በጋራ መዝገብ እንዲያሰፍረው ያስገድዳል፤ መዝገቡ ላይም 11 ዓመት ይቆያል።

ካውንስሎቹንም የምጠይቀው አለ። ይህን የሚያህል ግዴታ በረጅም ሰነድ መሐል ከመኪና ቀለምና ከፕሌት አሰቃቀል ጋር ደባልቃችሁ አታስቀምጡት። ሹፌሩ ባጁን ሲረከብ የ48 ሰዓቱን ደንብ በአንድ ገጽ፣ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ከሚላክበት ኢሜይል አድራሻ ጋር ስጡት። እኔ የአማርኛውን ትርጉም ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ ለሁለት ካውንስሎች ጽፌአለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው።