አጨቀ፣ ሸጎጠ፣ አጎረ፤ ስለ ጠባብ ቦታ ግሶች አጭር ማብራሪያ

በአብዮቱ ዘመን ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዋሽንግተን ከተማ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች ዋነኛው አዳምስ ሞርጋን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶቻቸው ከተከፈቱባቸው ሰፈሮችም አንዱ ይኸው ነው። ኋላ የቤት ኪራይ እየተወደደ ሲሄድ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ፈለሱ። ሰፈሩ ቢለወጥም አንድ ልማድ አልተለወጠም፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ የሻንጣ ዝግጅት ትልቅ ጉዳይ ነው። አየር መንገዶች በብዛት ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ሲሆን፣ ዘመድ ግን በኪሎ አይወሰንም። ስለዚህ ልብሱ ይታጨቃል፤ ካልሲው ከጫማው ውስጥ ይሰገሰጋል፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከፎጣዎቹ መካከል ይወሸቃል፤ ለአረጋዊት እናት የተላከው ገንዘብ ከአንድ ሥውር ኪስ ይሸጎጣል። ይህን ሁሉ አብሮ የሠራ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «አስገባሁት» ይላል።

ልጁ አልተሳሳተም። አስገባ ትክክለኛ አማርኛ ነው። ነገር ግን አስገባ የሚነግረን ዕቃው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄዱን ብቻ ነው። እንዴት፣ በምን ኃይል፣ በየትኛው ክፍተትና ለምን ዓላማ እንደ ገባ አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተመሳሳይ የሚባሉት ግሶች የሚለያዩበትን ነጥብ ማሳየትና ልዩነቱ ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት ማመልከት ነው።

መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ግሶች አንዱን በሌላው ይፈታል። የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ወይም እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ የታተመውን የቶማስ ኬንን አማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ አንባቢ ብዙ ሀብት ያገኛል፤ ሆኖም ግሶቹ በፊደል ተራ ተበታትነው ስለሚገኙ ዝምድናቸውና ልዩነታቸው በአንድነት አይታይም። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ማነጻጸሩ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ መያዣን ስለ መሙላት የሚናገሩት ይመጣሉ። አጨቀ ባዶ ቦታ እስከማይቀር ድረስ መሙላት ነው፤ ዐይን ያረፈው በመያዣው ላይ ነው። ጠቀጠቀ ደጋግሞ እየረገጡ ወይም እየወቀጡ ማጥበቅ ነው፤ ምሰሶ ሲተከል በዙሪያው ያለው አፈር ይጠቀጠቃል። ሰገሰገ እንደ ጭድና እንደ ጨርቅ ያለውን ለስላሳ ነገር እየገፉ መክተት ነው። የኋለኞቹ ሁለት ግሶች ፊደሎቻቸው ተደጋግመው መምጣታቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ ድርጊቱም የሚደጋገም ነውና።

ሁለተኛዎቹ ስለ ክፍተት የሚናገሩ ናቸው። ሰነቀረ በስንጥቅ መካከል ጠንካራ ነገር ማስገባት ነው፤ አጥንት በጉሮሮ ሲቀር ተሰነቀረ እንላለን። ወሸቀ ግን በሌሎች ነገሮች መካከል መክተት ሲሆን የግድ ጥንካሬን አይጠይቅም። ሰካ ቀዳዳውና የሚገባው ነገር ሲመጣጠኑ የሚነገር ነው፤ ዶቃ በክር፣ ቁልፍ በቀዳዳው ይሰካል። ወተፈ ደግሞ ዓላማው መድፈን ነው፤ የጠርሙስ አፍ ወይም ጆሮ ይወተፋል፤ መድፈኛውም ውታፍ ይባላል።

ሦስተኛዎቹ ከሰው ገላና ልብስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሻጠ ጫፉ እየታየ መሰካት ነው፤ ጩቤ ከወገብ፣ ላባ ከፀጉር ይሻጣል። ሸጎጠ ግን ከዕይታ መሰወርን ይጨምራል፤ ገንዘብ ከመቀነት፣ ደብዳቤ ከትራስ ሥር ይሸጎጣል። ትንሹ የጦር መሣሪያ ሽጉጥ የተባለውም ከዚሁ ግስ ወጥቶ ነው፤ ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል እንጂ አይሸጎጥም።

እስካሁን ያየነው ስለ ዕቃ ነው። ግሶቹ ወደ ሰው ሲዞሩ ግን ጉዳዩ ይከብዳል። አጎረ ብዙ ሰዎችን ወይም እንስሳትን ከፈቃዳቸው ውጭ በጠባብ ቦታ መዝጋት ነው። ተሸጎጠ ስለ ሰው ሲነገር ብዙውን ጊዜ ራሱን ሸጎጠ ማለት ነው፤ ታጎረ ግን ምንጊዜም ሌላ አጓሪ እንዳለ ያመለክታል። ተሰገሰገ ደግሞ ሳይገባው ሾልኮ በመካከል የገባ የሚል ነቀፌታ አለበት፤ ስለዚህም በፖለቲካ ክርክር ሰውን ለመወንጀል አመቺ ሆኖ ቆይቷል።

አንድ ጥገኝነት ጠያቂ በአስተርጓሚ በኩል ቃሉን ሲሰጥ እናስብ። «በአንዲት ክፍል ታጉረን ከረምን» ቢል ታሰርን ማለቱ ነው፤ «በአንዲት ክፍል ተሸጉጠን ከረምን» ቢል ተደበቅን ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ሁለቱንም «በአንዲት ጠባብ ክፍል ነበርን» ብሎ ቢያልፋቸው፣ ከመጀመሪያው ቃል አሳሪው፣ ከሁለተኛው አሳዳጁ ይሰረዛል። በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ደግሞ ጥገኝነት የሚሰጠው ስደትና በደል ለደረሰበት ወይም ይደርስብኛል ብሎ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ነው። እንግዲህ በዚያ ችሎት አንድ ግስ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ግሶች ለልጆች ማስተማር ለጌጥ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ትምህርቱም ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ሻንጣ ሲዘጋጅ ልጁን አጠገብ ማስቀመጥና «አስገባው» ከማለት ይልቅ «ይህን እጨቀው፣ ያንን ወሽቀው፣ ይህችን ሸጉጣት» ማለት ይበቃል። ቃሉን እጁ ከሠራው ሥራ ጋር የተማረ ልጅ ነገ በአስተርጓሚነት ወንበር ቢቀመጥ፣ የሰው ቃል በእጁ አይጎድልም።