ስንቅ ያጠረው መከላከያ፦ ምግብ፣ ቲቢና የሴሎች ሜታቦሊዝም

የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ረሃብን ተከትሎ እንደሚበረታ ሐኪሞች ከቀድሞ ጀምሮ ቢያውቁም፣ ምግብ በራሱ በሽታውን መከላከል መቻሉ በሰፊ ሙከራ የተፈተነው በቅርቡ ነው። በህንድ ጃርካንድ ግዛት ከ10,000 በላይ የሕሙማን ቤተሰብ አባላትን አካትቶ በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት፣ ተጨማሪ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቪታሚን በየወሩ ከተሰፈረላቸው ቤተሰቦች መካከል በቲቢ የታመሙት ካልተሰፈረላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በ39 በመቶ ያህል አንሰው ተገኝተዋል።

የዚህ ውጤት ምክንያት በከፊል በሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሴል ምግብን ወደ ኃይልና ወደ መገንቢያ ቁስ በሚለውጥበት ኬሚካዊ ሂደት ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም። ቲ-ሴል የተባለው በሽታ ተከላካይ የነጭ ደም ሴል በደም ውስጥ ጸጥ ብሎ ሲዘዋወር ጥቂት ግሉኮስ ይበቃዋል፤ ወራሪ ተሕዋስ ለይቶ መባዛት ሲጀምር ግን፣ ኦክስጅን ሳይጎድልበት፣ ግሉኮስን በብዛት እየሰበረ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ በካንሰር ላይ ያጠናው ይህ መንገድ ከኃይል አንጻር ብክነት ይምሰል እንጂ፣ ፈጣን ከመሆኑም በላይ ለአዳዲስ ሴሎች መሥሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያቀርባል። ከበሽታው በኋላ የሚቀሩት ባለ ትውስታ ቲ-ሴሎች ደግሞ ስብን ወደ ማቃጠል ያዘነብላሉ።

ተሕዋስያንን የሚውጠው ማክሮፋጅ ሜታቦሊዝሙን መሣሪያም ያደርገዋል። ከኃይል ማመንጫው ዑደት ቀንሶ የሚሠራው ኢታኮኔት የተባለ ውሁድ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ስብ ተመግቦ ለመኖር የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ ባክቴሪያው ግን ኢታኮኔትን የሚያፈርስበት ዘዴ ስላለው ትግሉ በዚህ አይቋጭም።

ረሃብ በዚህ ሁሉ ላይ የሚያጠላበት አንዱ መንገድ ሌፕቲን ነው። የስብ ሴሎች የሚያመነጩት ይህ ሆርሞን ሰው ሲከሳ ስለሚቀንስ፣ የሰውነት ክምችት መመናመኑ ለቲ-ሴሎችም ይደርሳቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ምርምር የተራቡ አይጦች ሌፕቲን ሲሰጣቸው የተዳከመው የበሽታ መከላከያቸው አገግሟል። ይህ ማለት ግን ነዳጅ በበዛ ቁጥር መከላከያው ይጠነክራል ማለት አይደለም፤ የደም ስኳር የሚበዛበት የስኳር በሽታ ለቲቢ የመጋለጥን ዕድል ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያሳድገዋልና።

የጃርካንዱ ጥናት ዋና ጥያቄ ሴሎች ምን እንደሚያቃጥሉ ስላልነበረ፣ ሁለቱን ዕውቀቶች የሚያገናኘው ድልድይ ገና ሙሉ አይደለም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን በመሰሉ፣ የቲቢ ጫና ከባድ በሆነባቸውና መድኃኒቱ በነፃ በሚታደልባቸው አገሮች፣ የሕሙማን ቤተሰብ ቀለብ ከእርዳታ ሒሳብ ወጥቶ ከመድኃኒቱ ጎን በጤና በጀት ውስጥ እንዲታይ ለመጠየቅ እስካሁን የተገኘው ማስረጃ ይበቃል።